ኢተፋ ሳያየው

ገመቺስ ሱቄ ውስጥ ይሠራ ነበር ስል ሰው ሁሉ ተቀጣሪዬ ይመስለዋል። አልነበረም። ቡራዩ ዋናው መንገድ ዳር ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ጠባብ ናት፤ ከፊት ማሽኖቹ፣ ከጎን ላሚኔሽኑ፣ ከኋላ ጉርድ ፎቶ የምናነሳበት ሰማያዊ መጋረጃ። ከመጋረጃው አጠገብ ያለችው ጥግ የእሱ ነበረች። ጠረጴዛ፣ ላፕቶፕ፣ አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረ ወንበር፣ በቃ፣ ያ ነው ቢሮው። መብራት ሲኖር ይሠራል፣ ሲጠፋ ቁጭ ብሎ ጣራ ያያል። ወረፋ ሲበዛብኝ ተነሥቶ ያግዘኛል፣ እኔም ስለ ጥጓ ኪራይ አንሥቼበት አላውቅም።

ሥራው ዌብሳይት መሥራት ነው። አዎ፣ ቡራዩ ላይ! መሥራቱስ ባልከፋ፣ እኔን የሚያናድደኝ አሠራሩ ነበር። ሌላው ሰው መጀመሪያ ይነጋገራል፣ ይስማማል፣ ከዚያ ይሠራል። ገመቺስ ግን አንዱን ድርጅት ከውጭ አይቶ ይወደዋል። ሄዶ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ይመለስና ሰውየው ሳይጠይቀው፣ መኖሩንም ሳያውቅ፣ የዌብሳይቱን ፊት ከላይ እስከ ታች ይሠራለታል። መግቢያው ገጽ፣ የዕቃው ገጽ፣ "ስለ እኛ" የሚለው ገጽ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ እኔ በትልቅ ወረቀት በከለር አትምለታለሁ፣ እሱ ብብቱ ሥር ሸጉጦ የሰው በር ሊያንኳኳ ይሄዳል።

"ሞክአፕ ነው" ይለኛል።

"ያልተሠራ ነገር ፎቶ ነው" እለዋለሁ። "የትኛው ልብስ ሰፊ ነው ሰውየውን ሳይለካ ሙሉ ሱፍ ሰፍቶ 'ይሁንልህ?' ብሎ የሚዞረው?"

"ሰው ያላየውን አይገዛም፣ ጥሩዬ።"

"ያየውንስ መቼ ገዛ?"

እውነቴን ነው፣ ማንም አልገዛውም። አንዱ ባለ ክሊኒክ "ላስብበት" ብሎ ወረቀቱን አስቀረና ለእህቱ ልጅ ሰጠው፤ የእህቱ ልጅ አስመስሎ ሠራው። አንዱ የብሎኬት ነጋዴ አገላብጦ አገላብጦ አየና "ቆንጆ ነው፣ ካላንደር ይወጣዋል?" አለው። አንዷ የሙሽራ ልብስ አከራይ ደግሞ "ፌስቡክ አለን እኮ" ብላ እየሣቀች ሸኘችው። እሱ ተመልሶ ወንበሯ ላይ ይቀመጥና ሌላ ይጀምራል። እኔ ብሆን ላፕቶፑን ከግንብ ጋር አላትመው ነበር።

አባቱ ኦቦ ባይሳ ተጂ ገጠር ያሉ ገበሬ ናቸው። አንድ ቀን ልጃቸውን ሊያዩ መጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ በኦሮምኛ ጠየቁት። እኔ ከሆሳዕና መጥቼ እዚህ ስኖር ብዙ ዘመኔ ነው፣ ስናገር ቢስቁብኝም ስሰማ አይቀረኝም።

"ይሄ ቤት የት ነው ያለው?"

"ቤት አይደለም፣ አባ። ዌብሳይት ነው። ገና አልተሠራም።"

"ያልተሠራውን ነው ለሰው የምታሳየው?"

"አዎ፣ አባ።"

ኦቦ ባይሳ ክፉ ሰው አይደሉም። አልተቆጡም፣ አልሰደቡም። ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የሥጋ ዘመድ እንዳለ፣ የስቶር ሠራተኛ እንደሚፈልጉ፣ ለእሱ ተነግሮ እንዳለቀ ብቻ ነገሩት። ገመቺስ እስከ አዲስ ዓመት ጊዜ ለመናቸው። "አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እሺ ካለኝ እዚሁ እቆያለሁ። ካላለኝ ላፕቶፑን ዘግቼ እገባለሁ" አላቸው። ተጨባበጡ። የአባትና የልጅ መጨባበጥ ነው፣ ቀልድ የለውም። እኔ ለልጁ ፈራሁለት። ከወረቀቶቹ ጋር ሲሆን ፊቱ እንዴት እንደሚበራ አውቃለኋ።

ኢተፋ የመጣው ያን ሰሞን ነው። መጣ ስል በቴሌግራም። ገመቺስ አንዱ ቻናል ላይ የለጠፈውን ናሙና አይቶ ጻፈለት። የሱሉልታ ልጅ ነው፣ ዱባይ ይሠራል። ሱሉልታ እናቱ የወተትና የአይብ ሥራ አላቸው፤ የጀመረው እሱ ራሱ ነው፣ አሁን ለማሽን መግዣ ብሎ ነው የወጣው። "ለእናቴ ቤት ናሙና ሥራልኝ" አለው። አስቡት እንግዲህ፣ ናሙና ከመሠራቱ በፊት ሥራልኝ ያለው የመጀመሪያው ሰው! ገመቺስ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ኢተፋ መጻፍ አይወድም፣ ቮይስ ነው የሚልከው። የገመቺስ ስልክ ደግሞ ድምፁ አይቀንስም፣ ስለዚህ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። "አንተ ገመቺስ! ያንን ቀይ አጥፋልኝ፣ ወተት እንጂ ቃሪያ አንሸጥም!" ይላል፣ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳው ሁሉ ይስቃል። "በኦሮምኛም ይሁን፣ እናቴ በአማርኛ ብቻ ካየችው ትጣላሃለች!" ይላል። ሳይተያዩ ወንድማማች ሆኑ። የሜዳውንና የላሞቹን ፎቶ ላከለት፣ "ስለ እኛ" ለሚለው ገጽ ደግሞ የራሱን፤ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ጥጃ አንገት አቅፎ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ ይስቃል። ስምምነታቸውም ቀላል ነበር፦ እናትየው ይዩት፣ እሱም ይየው፣ ሁለቱም ጥሩ ነው ካሉ ገመቺስ ይጀምራል።

ነሐሴ ላይ ናሙናው አለቀ። ገመቺስ በቴሌግራም ላከለት። ተልኳል የሚለው አንዱ ራይት መጣ፣ ሁለተኛው ግን አልመጣም። አልተከፈተም ማለት ነው። በማግሥቱም አልመጣ። ልጁ ስልኩን እያነሳ ያያል፣ ያስቀምጣል፣ ያነሳል።

"ዱባይ ያለ ሰው እንዳንተ ጣራ ሲያይ አይውልም፣ ሥራ ይዞት ነው" አልኩት።

"እሱ እኮ ወዲያው ነው የሚከፍተው፣ ጥሩዬ።"

እንዲህ ሆኖ ሳለ እናትየው ራሳቸው ደወሉ። "ልጄ ያነጋገረህ አንተ ነህ? ሐሙስ ወረቀትህን ይዘህ ና" አሉት።

እኔም አብሬ ሄድኩ። ገመቺስ ከትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ለዚያ ነው። ደግሞም ዝናብ ነበር፣ ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልሎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ የሱሉልታ ታክሲ ይዘን ዳገቱን ወጣን። ወረቀቶቹን ጭኔ ላይ አስቀምጬ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብዬ ተረብኩት። ሣቀ። "ዛሬ እናያታለን" አለኝ። እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

በሩን የከፈተችልን ሄመን ናት፣ የኢተፋ እህት። ቢጫ ሹራብ ለብሳለች፣ ዓይኗ ግን አብጦ ሊጠፋ ደርሷል። ወደ ውስጥ አላስገባችንም፤ ራሷ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

"ኢተፋ የለም" አለች።

"አዎ፣ ዱባይ ነው" አልኩ እኔ ጅሏ።

"የለም። መኪና ገጨው። አልተረፈም።" ከንፈሯን ነከሰች። "እማዬ አልሰማችም። አስከሬኑ እስኪገባ መርዶውን ይዘነዋል። ቀጠሮውን ብንሰርዘው ትጠረጥራለች፣ ራሷ ናት የደወለችላችሁ። ግቡና እንደ ምንም ሆናችሁ አሳዩአት። አደራ፣ በእናታችሁ!"

ገመቺስን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። "ኢየሱስ" አልኩ በሆዴ። መርዶ እንደሚደበቅ ማን አያውቅም? ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚረዳው፤ እናት ብቻዋን አትረዳም። እኛም ቤት እንዲሁ ነው። ግን ሐዘኑን ገና በር ላይ የሰማ ሰው ያንኑ ደቂቃ ገብቶ ሻጭ ሁን ሲባል አይቼ አላውቅም። ልመለስ ብል እንኳ እንዴት? እናትየው ከውስጥ "ማነው? ግቡ በሏቸው እንጂ!" እያሉ ነው።

እናትየው፣ አዴ ወርቅቱ፣ ጠና ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ እጃቸው የሠራተኛ እጅ የሆነ ሴት ናቸው። "አካም ጅርቱ!" ብለው ሁለታችንንም ሳሙን። እርጎ በብርጭቆ አቀረቡልን። ክፍሉ ውስጥ ወንድማቸውና አንድ ሠራተኛ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ዓይናቸው ቀልቷል።

"ቤቱን ሁሉ ጉንፋን ያዘብኝ" አሉን አዴ ወርቅቱ። "ይቺ ታስላለች፣ ያ ይናፈጣል። ዝንጅብል ሳፈላ ነው የምውለው።"

ማንም ቀና አላለም።

ገመቺስ ጀመረ። እኔ ከላስቲኩ እያወጣሁ አቀብለዋለሁ፣ እሱ በሁለት እጁ ይዞ ያሳያቸዋል። መጀመሪያ መግቢያውን ገጽ አሳየ፤ ሜዳው፣ ላሞቹ፣ ከላይ የቤቱ ስም። አዴ ወርቅቱ ተጠግተው አዩና እጃቸውን አጨበጨቡ። "ቦራ! የኔ ቦራ ናት እኮ! መቼ አነሣሃት?" ላማቸውን ነው። ከዚያ ወደ ኦሮምኛ የሚቀይረውን ምልክት ሲያሳያቸው በጣታቸው ወረቀቱን ነኩትና ጠበቁ።

"ወረቀቱ ላይ አይሆንም፣ አዴ። ሲሠራ ነው" አላቸው ቀስ ብሎ።

"እሺ፣ ሲሠራ" አሉ፤ ራሳቸውም ሣቁ።

የኢተፋን ገጽ አውቄ ከሥር አድርጌዋለሁ። ላስቲኩ ውስጥ ትቼው ልወጣ ነበር ሐሳቤ። ግን የእናት ዓይን ምን ይስተዋል? "ያቺስ?" አሉኝ። አወጣሁላቸው እንግዲህ፣ ምን ላድርግ? ልጃቸው ጥጃ አቅፎ ይስቃል። ከፎቶው ጎን "ይህን ቤት የጀመረው ኢተፋ ነው" ይላል በሁለቱም ቋንቋ፤ ከሥር "እዘዙን" የሚል አረንጓዴ ምልክት አለ።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። "ይቺን ጥጃ እኔ ነኝ ያዋለድኳት፣ በሌሊት። እሱ ፋኖስ ይዞልኝ" አሉ። በአውራ ጣታቸው ጉንጩን አሻሹት። ወንድማቸው ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ውጭ ሲያስል ሰማነው።

"ዕድሜ ይስጠው" አሉ አዴ ወርቅቱ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው "አሜን" ማለት ነበረበት። ሄመን አለችው።

ከዚያ ቀና ብለው ገመቺስን አዩት። "እሱ አይቶታል?"

በቃ፣ ያቺ ናት። አይቶታል፣ ወዶታል፣ ማለት ብቻ ነው። ሄመን ከእናቷ ጀርባ ቆማ በዓይኗ ትለምነዋለች፤ አዎ በል፣ በናትህ አዎ በል። እኔም በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። አዲስ ዓመት ደርሷል፣ ሰበታ እየጠበቀው ነው፣ ሥራው እጁ ላይ ነው። ደግሞ ማንን ይጎዳል? እናትየውን ደስ ይላቸዋል፣ ልጁም በሕይወት ቢኖር አዎ ይል ነበር።

ገመቺስ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። እንደገና ከፈተ።

"አላየውም፣ አዴ። ልኬለታለሁ፣ ግን አልከፈተውም።"

"አልከፈተውም?" አዴ ወርቅቱ ወደ ሄመን ዞሩ። "ትናንት ደውሎ ሰላም ብሏል አላላችሁኝም?"

"ደውሎ ነበር፣ እማዬ። ሥራ ላይ ሆኖ ነው፣ ቸኩሎ ነበር" አለች ሄመን። ድምፅዋ ግን ተሰበረ፣ በሳል ሸፈነችው።

እናትየው በእጃቸው ያለውን ፎቶ መልሰው አዩት። ከዚያ "ሥራህ ያምራል፣ ልጄ" አሉት። "ግን የጀመረው እሱ ነው፣ ያለ እሱ ቃል አልነካውም። እሱ አይቶ ጥሩ ነው ያለ ዕለት፣ ያኔ ትጀምራለህ።" የኢተፋን ገጽ ግን አልመለሱልንም። "ይቺ እኔ ጋ ትሁን" ብለው ደረታቸው ላይ አድርገው በሩ ድረስ ሸኙን።

ሄመን መንገድ ድረስ ተከተለችን። ተናዳም፣ አዝናም ነበር። "ምናለበት አይቶታል ብትላት? እዚያው ነበር የሚያልቅልህ። እሷም ደስ ብሏት ታድር ነበር።"

"ቃሉን አዘጋጅቼው ነበር" አላት። "አፌ እምቢ አለኝ።"

እኔ ታክሲው ውስጥ ነው የፈነዳሁት። ሰው ይሰማል አላልኩም። "እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ፣ አንተ ግን የሚመሽብህ ሰበታ ነው! ያን ሁሉ ወረቀት ያሳተምከኝ ለዚህ ነው? ለሰው ሁሉ ያልተሠራውን እንደተሠራ ስታሳይ ኖረህ፣ ዛሬ ነው እውነተኛ የሆንከው?" ብዙ አልኩት። ክፉ ቃል ነው፣ አውቃለሁ። ግን እንባዬም አብሮ ይወርድ ነበር፣ በማን እንደተናደድኩ እኔም አላውቅ።

እሱ በመስኮት ዝናቡን እያየ "አይቶታል ብላቸው 'ምን አለ?' ይሉኝ ነበር፣ ጥሩዬ" አለኝ። "ምን እንደሚል ደግሞ አውቃለሁ። ቀዩን ስላጠፋህ ተባረክ ይል ነበር። ድምፁ ጆሮዬ ላይ አለ። ልክ እንደ እሱ አድርጌ ልነግራቸው እችል ነበር። ያ ነው ያስፈራኝ።"

እኔም የቀሩትን ወረቀቶች መልሼ በላስቲክ ጠቀለልኩ።

ከሳምንት በኋላ ሄመን ደወለች። አስከሬኑ ሊገባ ነው፣ ለለቅሶው ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል። "ያንን ፎቶ አድርግልን፣ እማዬ ሌላ አትወድም" አለችው። ገመቺስ ወንበሯ ላይ ተቀመጠና የኢተፋን ገጽ ከፈተው። መጀመሪያ ከላይ የቤቱን ስም አጠፋ። ቀጥሎ ቋንቋ መቀየሪያውን። ቀጥሎ "እዘዙን" የሚለውን። ያን ያህል የለፋበትን ሥራ አንድ በአንድ ላጠው፤ ፊቱና ጥጃው ብቻ ቀሩ። "ጥጃዋስ?" አልኩት። "ትቆይ፣ እጁ እሷ ላይ ነው" አለኝ። ከሥር ስሙንና የልደት ዘመኑን ጻፈ። ሌላኛውን ዘመን ሲጽፍ እኔ ወደ ማሽኑ ዞርኩ፣ ማየት አልቻልኩም።

ከናሙናዎቹ ሁሉ ሰው የተቀበለው ያንን ብቻ ነው።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ዝናብ ላይ ቆሟል። አዴ ወርቅቱ መሐል ላይ ፎቶውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው አልቋል፣ ደረታቸውን የሚመቱበት አቅም የላቸውም። እኛን ሲያዩ ግን እጃቸውን ዘረጉ። ገመቺስ ሄዶ ተንበረከከ። እጁን ያዙትና ሳቡት።

"መጣህ?" አሉት። "እነዚህ ሁሉ ደወለ፣ ሰላም አለ፣ ሲሉኝ ከረሙ። አንተ ብቻ አልከፈተውም አልከኝ። የኔ ልጅ ስልኩን ሳይከፍት አድሮ አያውቅም። ለኔ የዚያን ዕለት ነው የሞተው።"

ሄመን እናቷን አፍጥጣ አየቻት። "እማዬ... አውቀሽ ነው?"

"ምን ላድርግ?" አሉ አዴ ወርቅቱ። "እናንተ ለኔ ብላችሁ ጉንፋን ነው ትላላችሁ። እኔም ለእናንተ ብዬ ዝንጅብሉን አፈላሁ።"

ስንመለስ አስኮ ጋ ገመቺስ "ብቻቸውን አረዳኋቸው አይደል?" አለኝ። ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚያደርገውን እሱ በአንዲት ቃል፣ ሳያውቅ፣ ለብቻቸው አድርጎታል። አይደለም ልለው ፈለግኩ። እኔም አፌ እምቢ አለኝ።

አዲስ ዓመት ገባ። ማንም እሺ ያለው ሰው የለም፣ ቃል ደግሞ ቃል ነው። ኦቦ ባይሳ አብረውት ሰበታ ሄዱ፣ ለዘመዳቸው አስረከቡት። የሚያድረው ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ተደርቦ ስለሆነ እንዳይሰረቅ ብሎ ላፕቶፑን እኔ መሳቢያ ውስጥ ተወው። ወንበሯን ላወጣት አሰብኩና ተውኳት። እሑድ እሑድ ይመጣል። ከስቷል፤ ሲቀመጥ ጀርባውን ይይዛል፤ ስለ ካርቶንና ስለ ጭነት ያወራኛል። ስለ ሱሉልታ አያነሳም። እኔ ግን ለሄመን አንዳንዴ እደውላለሁ። ላሞቹን እየሸጧቸው ነው፣ ሥራውን የሚይዝ ሰው ጠፍቷል። ቦራን ብቻ እናትየው አልሸጥም ብለዋል።

ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ ገመቺስ ገባና ሰላም ሳይለኝ ስልኩን ፊቴ አስቀመጠው። ቴሌግራም ነው። ከላይ "ኢተፋ" ይላል። ከሥር በነሐሴ የላከው ናሙና አለ፣ ከጎኑ ሁለት ራይት።

"ተከፈተ" አለኝ። "አሁን፣ ታክሲ ውስጥ ሳለሁ።"

"ኢየሱስ!" አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ዕቃው መጥቷል። ሻንጣው፣ ልብሱ፣ ስልኩ። አንድ ሰው ቻርጅ አድርጎ ከፍቶታል።

"እናቱ ናቸው" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

እንዲህ ስንባባል ስልኩ ጮኸ። ከኢተፋ፣ ቮይስ። ገመቺስ እጁን ሰበሰበ፣ ሊነካው አልቻለም። እኔ ተጫንኩት። መጀመሪያ የነፋስ ድምፅ ብቻ ነበር፣ ከዚያ የአዴ ወርቅቱ የሻከረ ድምፅ መጣ። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፣ ቀስ ብለው፣ ልክ ሰው አጠገባቸው ተኝቶ እንዳይነቃ እንደሚፈሩ።

"አይቶታል፣ ልጄ" አሉ። "ጥሩ ነው ብሏል።"

ሌላ ምንም አላሉም። ሱቁ ውስጥ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የመጣ አንድ ሰው ነበር፤ እኔ እንደዚያ ሳለቅስ ሲያይ ቀስ ብሎ ወጣ። ገመቺስ አላለቀሰም። ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠው፣ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገው፣ ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ላፕቶፑን አወጣ። ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። ገመዱን ሰክቶ ጠበቀ።

"መብራት አለ፣ ጥሩዬ?"

አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

በሽቦ የታሰረችው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ድሮው ጣራውን ያይ ጀመር። ሰኞ በጠዋት ፋብሪካው በር ላይ መገኘት አለበት፣ የሰበታ ታክሲ ደግሞ ሲመሽ ይጠፋል። እኔ አንዴ እሱን አንዴ አምፖሉን እያየሁ እስኪጨልም ተቀመጥኩ፤ መብራቱ አልመጣም፣ እሱም አልተነሣም።